የድንጋይ ሽበት ለጥላ ግቢ

(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ከጥንታዊ ጥድ ወይም ከዝግባ ሥር ቤት ሠርቶ የሚኖር ሰው አንድ የታወቀ ችግር አለበት። በበጋ በዛፉ ጥላ ሲደሰት ይቆይና ክረምት በገባ ጊዜ ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ጭቃ ይሆንበታል። ሣር ያስተክላል፤ ሣሩም በመጀመሪያው ወር ለምለም መስሎ ይታያል፤ በሁለተኛው ወር ይገረጣል፤ በሦስተኛው ይሳሳል፤ ጥቅምት ሲደርስ መሬቱ እንደ ቀድሞው ራቁቱን ይቀራል። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሌላ ሣር ያስተክላል፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ ይኸው ሰው በአጥሩ ድንጋይ ላይና በደረጃው ጥግ ማንም ሳይተክለው፣ ማንም ሳያጠጣው የበቀለውን አረንጓዴ ለስላሳ ነገር የግቢ ቆሻሻ ነው ብሎ በመኮትኮቻ እየፋቀ መጣሉ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለዚያ ተፍቆ ስለሚጣለው ነገር ነው። ልናስረዳ የፈለግነውም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሣር እንቢ ባለው የጥላ ቦታ ከተፈጥሮ ጋር ከመሟገት ይልቅ ተፈጥሮ ራሱ ያዘጋጀውን ምንጣፍ ተቀብሎ ማስተናገድ ይሻላል። ለዚህም የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የእንግዳውን ጠባይ ማወቅና ትዕግሥት ነው።

ይህን አረንጓዴ ነገር በቋንቋችን የድንጋይ ሽበት፣ አንዳንድ ጊዜም በአጭሩ ሽበት እንለዋለን። ከድንጋይ ራስ ላይ የሚወጣና ቆየት ባለ ነገር ላይ የሚታይ ስለ ሆነ ስሙ የሚገባው ነው። ነገር ግን ስሙን ሲሰሙ በደጋ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርጎ የሚታየውን አመድማ ነገር የሚያስቡ አሉ። ያኛው ሌላ ነው። የዛፍ ሽበት የሚባለው ያ አመድማ ነገር ከሻጋታ ወገን የሆነ ፍጥረት በውሃ ላይ ከሚታየው አረንጓዴ ዝቃጭ ወገን ከሆነ ሌላ ፍጥረት ጋር ተዳብሎ የሚኖርበት ኑሮ እንጂ አንድ ራሱን የቻለ ተክል አይደለም። እኛ የምንናገርለት የድንጋይ ሽበት ግን ግንድና ቅጠል ያለው እውነተኛ ተክል ነው። ዝቅ ብሎ በቅርብ ለተመለከተው ሰው እያንዳንዱ ቡቃያ እንደ ትንሽ የጥድ ችግኝ ሆኖ ይታየዋል።

በዓለም ላይ ወደ 12000 የሚጠጉ የሽበት ዓይነቶች መኖራቸውን ሊቃውንት ይናገራሉ። ወገኑም እጅግ የቆየ ነው፤ አበባ የሚያብብ ተክል በምድር ላይ ከመታየቱ በፊት የሽበት ቅድመ አያቶች መሬትን ማልበስ ጀምረው ነበር። ሥር የለውም፤ ሥር የሚመስሉት ቀጫጭን ክሮች መሬቱን ወይም ድንጋዩን ቆንጥጠው ለመያዝ ያገለግላሉ እንጂ እንደ ሣር ሥር ወደ ጥልቅ ወርደው ውሃና ምግብ አይስቡም። ውሃውን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉም በአብዛኛው ዓይነት የአንዲት ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው በመሆኑ የነካውን ጠብታ ወዲያውኑ ይቀበላል። አበባና ፍሬ የለውም፤ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ በነፋስ እየበተነ ይራባል። የወንዱ ዘር ወደ ሴቲቱ የሚደርሰውም በውሃ ላይ ዋኝቶ ስለ ሆነ ያለ እርጥበት መራባት አይችልም። ከዚህም በቀር ከግንዱ ወይም ከቅጠሉ የተቆረጠች ቁራጭ እርጥብ መሬት ካገኘች ራሷን ችላ ልታድግ ትችላለች፤ ይህ ጠባዩ ወደ ኋላ እንደምንመለከተው ለአትክልተኛ ትልቅ ረድኤት ነው።

ከጠባዮቹ ሁሉ ዋናው ግን እንቅልፉ ነው። ሌላው ተክል ውሃ ሲያጣ ይጠወልጋል፤ ድርቀቱ ከበረታበትም ይሞታል። ሽበት ግን ውሃ ሲያጣ ቅጠሉን ጠቅልሎ፣ ሥራውን ሁሉ አቁሞ ያንቀላፋል። መልኩ ቡናማ ወይም ቢጫ ይሆናል፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ጭድ ይንኮሻኮሻል። ያየው ሁሉ ሞቷል ይላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ዝናብ በነካው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቅጠሉን ሲዘረጋና አረንጓዴ ሲሆን ይታያል። የዚህን ዕፅ ጽናት ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በደቡብ ዋልታ አካባቢ በምትገኘው በሲግኒ ደሴት በበረዶ ተቀብሮ ከ1500 ዓመት በላይ የቆየ ሽበት ሙቀትና ብርሃን ባገኘ ጊዜ እንደገና አቆጥቁጧል። እንግዲህ አምስትና ስድስት ወር የሚቆየው የእኛ በጋ ለእርሱ አንድ ሌሊት ያህል ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ሽበት በየሰፈሩ የሚነገሩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ስሕተት ስለ ሆኑ ወደ ተከላው ከመግባታችን በፊት ማረም ያስፈልጋል። አንደኛው፣ በዛፍ ግንድ ላይ የበቀለ ሽበት ዛፉን ይመጠዋል የሚለው ነው። ይህ ነገር የሚደርሰው ከተቀጽላ እንጂ ከሽበት አይደለም። ተቀጽላ ሥሩን በዛፉ ቅርንጫፍ ውስጥ ሰዶ የዛፉን ምግብ ይቀማል፤ ሽበት ግን ሥር የሌለው ስለ ሆነ በቅርፊቱ ላይ ከመቀመጥ በቀር ከዛፉ የሚወስደው ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ሽበት ሣርን ይገድላል የሚለው ነው። እውነቱ ግን ሣሩ በብርሃን እጦትና ከዛፉ ሥር ጋር ለውሃ በሚያደርገው ሽሚያ ተሸንፎ ሲለቅ ሽበቱ የተለቀቀውን ቦታ ይወርሳል። ወራሽን እንደ ገዳይ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። ሦስተኛው፣ ሽበት የቸልተኛ ሰው ግቢ ምልክት ነው የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን ከሩቅ ምሥራቅ አንድ ታሪክ እናመጣለን።

በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ሳይሆጂ የሚባል የቡድሃ ገዳም አለ። የገዳሙ የአትክልት ቦታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1339 ዓ.ም. ሙሶ ሶሴኪ በተባለ መነኩሴ እንደገና ተሠርቷል። በዚያን ጊዜ ግን ሽበት የአሠራሩ ክፍል አልነበረም። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ገዳሙ ችግር ላይ ወድቆ ለአትክልተኛ የሚከፍለው ገንዘብ ባጣ ጊዜ ሽበቱ ከዛፎቹ ሥር በራሱ ጊዜ እየተስፋፋ መሬቱን ሁሉ አለበሰ። መነኮሳቱም ይህን ባዩ ጊዜ ከመፋቅ ይልቅ ይንከባከቡት ጀመር። ዛሬ በዚያ ቦታ 120 ያህል የሽበት ዓይነት ይገኛል፤ ገዳሙም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ከሌሎች የኪዮቶ ጥንታዊ ሥፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድህነት ያመጣውን እንግዳ በክብር መቀበል ለዚያ ገዳም ስምና ሀብት ሆነለት። ከዚህም የምንማረው፣ ሽበትን ከቸልተኝነት የሚለየው የባለቤቱ እጅ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ የጃፓንን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ወደ አገራችን ማምጣት አይቻልም። በኪዮቶ በእያንዳንዱ ወር ዝናብ ይጥላል። በደጋው አገራችን ግን ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ በየካቲትና በሚያዝያ መካከል የበልግ ጠብታ ይታያል፤ ከዚያ የቀረው ጊዜ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው። ስለዚህ በእኛ ግቢ የሚተከለው ሽበት ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን ይህን የዝናብና የድርቅ መፈራረቅ የለመደው የአካባቢው ተወላጅ መሆን አለበት። የተወላጁ ሽበት ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ክረምቱን መሥራት፣ በጋውን መተኛት ከአባቶቹ ጀምሮ የያዘው ልማድ ነው።

ጥቅሙ ደግሞ ለዐይን ብቻ አይደለም። በክረምት ከትልቅ ዛፍ ሥር የቆመ ሰው እንደሚያውቀው ዝናቡ በቅጠሎቹ ላይ ተጠራቅሞ ሲወርድ ጠብታው ትልቅ ይሆናል። ያ ከባድ ጠብታ ራቁቱን ያለ መሬት ሲመታው አፈሩን ይፈነጥቀዋል፤ ጎርፉም የተፈነጠቀውን ይዞ ይሄዳል። በዓመት ውስጥ የሚሄደው ለዐይን ጥቂት ነው፤ በሃያ ዓመት ግን የዛፉ ሥሮች እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማት ተራቁተው ይታያሉ፤ ዕድሜ የጠገበው ዛፍም በአንድ የነፋስ ቀን ይወድቃል። ሽበት በበቀለበት መሬት ላይ ግን ጠብታው የሚያርፈው በትራስ ላይ ነው። አንዲት የሽበት ቡቃያ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ደካማ ናት፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቡቃያዎች ተጠጋግተው ሲቆሙ አፈሩን ይይዛሉ፤ ውሃውንም ቀስ እያደረጉ ወደ መሬት ያሰርጉታል። በረግረግ የሚበቅለው አንደኛው የሽበት ዓይነት የራሱን ደረቅ ክብደት 20 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ውሃ መሸከም ይችላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በጥጥ ፋንታ የቁስለኞችን ደም ለመምጠጥ አገልግሏል። የእኛ የግቢ ሽበት ይህን ያህል ባይሸከምም የሚችለውን ያህል ውሃ ይዞ ያቆያል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቦታን መምረጥ ነው፤ በዚህም ረገድ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ የአገራችን ዕድል አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት የቤትና የአጥር ሰሜናዊ ጎን በጋውን ሁሉ ጥላ ሆኖ ይቆያል። ፀሐይ ወደ ሰሜን በሚዞርበት ጊዜ፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ በደመና የተሸፈነ ስለ ሆነ ሽበቱን እምብዛም አይጎዳውም። እንግዲህ ለሽበት የሚሆን ቦታ ከፈለጋችሁ ከቤታችሁ በስተ ሰሜን ያለውን ጥግ፣ ከጥድ፣ ከወይራ ወይም ከዝግባ ሥር ያለውን መሬትና ከድንጋይ አጥር ግርጌ ያለውን እርጥበት ያለው ሥፍራ ተመልከቱ። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን ባትደክሙ ይሻላል፤ መሬቱን ያደርቀዋል፤ የሚረግፈው ቅጠልና ቅርፊትም ሽበቱን ይቀብረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ደግሞ ይህ ነው። በነሐሴ ወር ግቢያችሁን ዞራችሁ ተመልከቱ። መሬቱ በራሱ አረንጓዴ ቀለም የጀመረበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ሽበት ወዳጁ መሆኑን ራሱ መስክሯል። ምንም ምልክት በሌለበት ቦታ ከመታገል ምልክት ያለበትን ማገዝ አስተዋይነት ነው።

ቀጥሎ የሽበቱን ዓይነት መለየት ያሻል። ለአትክልተኛ የሚጠቅመው ክፍፍል ሁለት ነው። አንደኛው ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው፤ ቡቃያዎቹ ተጠጋግተው እንደ ትንሽ ትራስ ያብጣሉ። በከተማ በንጣፍ ድንጋይ መገጣጠሚያ ላይ የሚታየውና ሲደርቅ ብር የሚመስለው፣ ሊቃውንት ብሪዩም አርጀንቴዩም የሚሉት ሽበት፣ እንዲሁም እሳት በነደደበት መሬት ላይ ፈጥኖ የሚበቅለው ፉናሪያ የሚባለው ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው እየተሳበ የሚሄድና እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ነው፤ በጥላ ድንጋይ፣ በወደቀ ግንድና በዛፍ ሥር ላይ ይገኛል። ለመሬት ልብስነት የሚመረጠው ይህ የሚሳበው ነው፤ ከቁራጩ ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ስፋትንም ፈጥኖ ይይዛል። የሚቆመው ዓይነት ግን ትራሱ ሳይበተን ከነቅርጹ ቢዛወር ይሻላል።

ሽበቱ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሳችን አጭርና ጥብቅ ነው፤ ከገዛ ግቢያችሁ፣ ከጎረቤት አጥር ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ሊፈርስ ከተወሰነ የድንጋይ ካብ፣ ወይም ሊቆፈር ከተዘጋጀ የቦይ ዳር ውሰዱ። ከደን ግን አትውሰዱ። በመናገሻ ሱባ፣ በወፍ ዋሻ፣ በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በቀሩት ደኖች ያለው ሽበት ለግቢ ጌጥ የተቀመጠ አይደለም። በባሌ ተራሮች በሐረና ደን የላይኛው ክፍል ሽበት በአስታ ዛፎች ግንድ ላይ እንደ ወፍራም ጋቢ ተጠምጥሞ ይታያል። ያ ጋቢ ከጉምና ከደመና እርጥበትን እየለቀመ ለመሬቱ ያካፍላል። በአንድ ጆንያ ተጭኖ የሚወሰደውን ሽበት መልሶ ለማብቀል ብዙ ዓመት ያስፈልጋል። ለአንድ ግቢ ውበት ሲባል የደንን ልብስ መግፈፍ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው። ከተፈቀደ ቦታም ቢሆን በእጅ መዳፍ ልክ እየቆረጣችሁ፣ ከምትወስዱት የምትተዉት እንዲበልጥ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ የተተወው የተወሰደውን ቦታ ይሞላዋል።

በዚህ ላይ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ። ከድንጋይ የተነሣ ለድንጋይ፣ ከአፈር የተነሣ ለአፈር ይሁን። በዛፍ ቅርፊት ላይ የኖረ ሽበት አፈር ላይ ቢያርፍ በአብዛኛው ይበሰብሳል፤ በጠንካራ ጥላ የኖረም ወደ ብርሃን ቢወጣ ይቃጠላል። የነበረበትን ኑሮ የሚመስል ኑሮ ስጡት።

የመሬቱ ዝግጅት ከሌላው ተክል ሁሉ የተለየ ነው። ለጎመን መሬቱን እንቆፍራለን፣ እናለሰልሳለን፣ ፍግ እንጨምራለን። ለሽበት ግን የዚህ ተቃራኒ ይደረጋል። በመጀመሪያ ሰርዶውንና አረሙን ከነሥሩ ነቅላችሁ አጽዱ፤ የወደቀውን ቅጠል ጥረጉ። ከዚያ መሬቱን ሳትቆፍሩ አስተካክሉና በእግር ወይም በወፍራም ጣውላ ደልድላችሁ አጥብቁት። ፍግ፣ የአፈር ማዳበሪያና አመድ አታስነኩት። ፍጉና ማዳበሪያው አረምን ያበረታል፤ አመድና ኖራ ደግሞ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚያጠፉ አብዛኛውን የሽበት ዓይነት ያባርራሉ። ይህንም ማሳሰብ ያስፈለገው የምድጃ አመድን ከዛፍ ሥር የመድፋት ልማድ በብዙ ቤት ስላለ ነው። ከጣራ የሚወርድ ጎርፍ በቦታው ላይ የሚያልፍ ከሆነም አስቀድማችሁ መንገዱን በትንሽ ቦይ አዙሩት።

የተከላው ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ከጸና በኋላ የተተከለ ሽበት መስከረም እስኪጠባ ድረስ ረዘም ያለ የእርጥበት ጊዜ ያገኛል። በተከላው ዕለት የመሬቱን ፊት በሚስማር ወይም በእሾህ መፋቂያ ጫር ጫር አድርጉና ውሃ አርከፍክፉበት። ከሽበቱ በታች የተጣበቀውን ትርፍ አፈርና ቆሻሻ አራግፋችሁ በመሬቱ ላይ አስቀምጡትና በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት። በሽበቱና በመሬቱ መካከል ክፍተት ከቀረ አይይዝም። ቦታው ተዳፋት ከሆነ በቀጫጭን የእንጨት ችንካር ቸንክሩት። ሽበቱ ጥቂት፣ ቦታው ሰፊ ከሆነ ደግሞ እንደ ቂጣ ቁራጭ በጣታችሁ ቆራርሳችሁ በትኑትና በሳሳ መረብ ሸፍኑት፤ መረቡ ከዶሮና ከነፋስ ይጠብቀዋል። ተከላው ካለቀ በኋላ ጣውላ አንጥፋችሁ በላዩ ተራመዱበት።

በአንዳንድ አገር ሽበትን ከአሬራ ጋር ፈጭቶ ድንጋይ ላይ መቀባት ያበቅለዋል ይባላል። ከዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው ሻጋታ ነው። አሬራውን ለቤተ ሰብ አቆዩት፤ ሽበቱ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይበቃዋል።

በመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሳምንታት ዝናብ ባልጣለበት ቀን ሁሉ ጥቂት ውሃ አርከፍክፉለት። ውሃው ከጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሩ እንዲበንን በሰፊ ባልዲ አንድ ሌሊት ክፍቱን አሳድሩት። የያዘ መሆኑን ለማወቅ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፤ እንቢ ካለ ይዟል። በየመካከሉ የሚወጣውን አረም ግን መሬቱ እርጥብ ሳለ አንድ እጃችሁን በሽበቱ ላይ አስደግፋችሁ በሌላው ንቀሉት፤ አለዚያ አረሙ ሽበቱን ይዞት ይነሣል።

አሁን ወደ በጋ ደረስን፤ የብዙ ሰው ተስፋ የሚቆረጠውም እዚህ ላይ ነው። ኅዳር ሲገባ ሽበቱ ይገረጣል፤ በታኅሣሥ ቡናማ ይሆናል። ባለቤቱም ደንግጦ በቀትር ፀሐይ አንድ ባልዲ ውሃ ይደፋበታል፤ ከዚያም ለሳምንት ይረሳዋል። ከዚህ የከፋ በደል የለም። ሽበቱ ውሃ ሲነካው ይነቃል፤ ሲነቃም በመጀመሪያ ያከማቸውን ስንቅ አውጥቶ የደረቀ አካሉን ይጠግናል፤ ከዚያ በኋላ ነው በብርሃን ኃይል አዲስ ምግብ የሚሠራው። ውሃው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከደረቀበት ስንቁን አውጥቶ ምንም ሳያገባ ተመልሶ ይተኛል። ይህ ነገር ደጋግሞ ከደረሰበት ስንቁ ያልቅና በእርግጥ ይሞታል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጡ። አረንጓዴነቱ እንዲቀጥል የምትፈልጉ ከሆነ በየቀኑ ማለዳ ሳታቋርጡ አጠጡት፤ ረዘም ላለ ሰዓት እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ውሃው ወይም ጊዜው ከሌላችሁ ግን ፈጽማችሁ ተዉት፤ ይተኛ። ውሃ በየሰፈሩ በተራ በሚመጣበት ዘመን ለተኛ ሽበት የመጠጥ ውሃ ማፍሰስም አይገባም። እርሱ ሰኔን መጠበቅ ያውቃል፤ መጠበቅ የሚያስፈልገን እኛ ነን።

ለሽበት ጠላት የሚሆኑትን ባጭሩ እንዘርዝር። የረገፈ ቅጠል ለብዙ ሳምንት ተከምሮ ከቆየ ብርሃን ያሳጣዋል፤ በለስላሳ መጥረጊያ ቀስ ብሎ መጥረግ ያስፈልጋል። ዶሮ ትል ፍለጋ ይጭረዋል። የሳሙና እጣቢ ያቃጥለዋል። የሰው እግርም አልፎ አልፎ ቢረግጠው አይጎዳውም፤ የዘወትር መተላለፊያ ከሆነ ግን አይችለውም። ስለዚህ ሰው በሚመላለስበት መሥመር ጠፍጣፋ ድንጋይ በእርምጃ ልክ አስቀምጡ፤ በድንጋዮቹ መካከል የሚሞላው ሽበትም የግቢውን ውበት ይጨምራል።

ሽበት በሁሉም ቦታ ይሁን አንልም። የሚረገጥ ደረጃ ላይ ከበቀለ ያዳልጣልና አዛውንትና ሕፃናት እንዳይወድቁ መፋቅ አለበት። ከሣር ክዳን ወይም ከእንጨት ጣራ ላይም እርጥበት ይዞ ስለሚያበሰብስ ሊነሣ ይገባዋል። እንደ ላሊበላ ባሉ ከለስላሳ ዐለት በተፈለፈሉ ጥንታዊ ሕንፃዎች ላይ የሚበቅለው ሽበትና መሰሉ ሁሉ ደግሞ እርጥበት አቅፎ ዐለቱን ይጎዳል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ቅርስ በብረት የፋቀ ሰው ከሽበቱ የባሰ ጉዳት ስለሚያደርስ ሥራው ለባለሙያ ይተው።

ውጤቱን በስንት ጊዜ እናያለን ብላችሁ ብትጠይቁን እውነቱን እንነግራችኋለን። ጠጋ ጠጋ ተደርጎ የተተከለ ሽበት በመጀመሪያው ክረምት መሬቱን ይይዛል፤ ተቆራርሶ የተበተነው ግን ቦታውን ለመሙላት ሁለትና ሦስት ክረምት ይፈጅበታል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነውና ለሚታገሥ ሰው ጊዜው ረዥም አይደለም። በየዓመቱ ሣር እየተከሉ በየዓመቱ ከማዘን ይልቅ አንድ ጊዜ ተክሎ ሦስት ክረምት መጠበቅ ይቀላል።

የሰው ልጅ ሽበት የዕድሜና የማስተዋል ምልክት ሆኖ ይከበራል፤ ሽበት ያለው ሰው ሲመጣ ከመቀመጫችን ብድግ እንላለን። የድንጋዩ ሽበት ደግሞ በዚያ ቦታ ጥላና እርጥበት፣ ሳይነካ የቆየ አፈርም ለመኖሩ ምስክር ነው። በሚመጣው ነሐሴ መኮትኮቻ ይዛችሁ ወደ ግቢያችሁ ጥግ ስትሄዱ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት። ያ ሣር ሦስት ጊዜ እንቢ ያለው መሬት ልብሱን ራሱ መሸመን ጀምሮ ታገኙት ይሆናል። ያን ጊዜ መኮትኮቻውን አስቀምጡና ዙሪያውን ያለውን አረም ብቻ ንቀሉለት።